ሞተሩን ያወረድንበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሜሮን አዲስ መኪና ልታይ ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ሄደች። መሸጫው ለሳሊተ ምሕረት ቅርብ ነው፤ ሲኤምሲ መንገድ ዳር፣ ፊቱ ሁሉ መስታወት፣ ወለሉ መልክ የሚያሳይ ሰፊ አዳራሽ። የሜሮን መኪና ሞተሩ ደክሟል። መካኒኳ «ይውረድና ይታደስ» ብሏታል፤ ባሏ ደግሞ «ነዳጅ ሰልፍ ላይ ከምታረጂ የኤሌክትሪኩን ግዢና ተገላገይ» ይላታል። በሁለቱ መሃል ስትዋልል ወር አለፋት። የሚያስጎበኘን ሻጭ ጥቁር ሱፍ በነጭ ስኒከር ያደረገ፣ ትሕትናው ደስ የሚል ወጣት ነበር። የአንዱን መኪና የፊት ክዳን ከፈተና «እማማ፣ ይዩት፤ እዚህ ሞተር የለም። ዕቃ ነው የሚያስቀምጡበት» አለኝ፤ እንድገረምለት እየጠበቀ። «የእኛም እንደዚህ ነበር» አልኩት። «የእናንተ ምን ነበር?» «ቮልስ»። ሜሮን ሳቀች። ልጁም ሳቀ፣ ግን የገባው አልመሰለኝም። እኔ ግን ክዳኑ ላይ እጄን እንደደገፍኩ ቀረሁ። አዳራሹ ምንም አይሸትም ነበር፤ መኪና ተሰብስቦበት ምንም የማይሸት ቤት በዕድሜዬ ገብቼ አላውቅም። ወዲያው አፍንጫዬ የነጭ ጋዝ ሽታ አመጣብኝ፤ ከየት እንዳመጣው እኔው ነኝ የማውቀው።

ቮልሱ የባለቤቴ የአሰፋ ነበር፤ ሳንጋባ በፊት የገዛው፣ ወተት የመሰለ ነጭ። አሰፋ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ያስተምር ነበር። ሰማያዊ ቱታውን እንደ ሱፍ በካውያ አስተኩሶ የሚለብስ ሰው ነው፤ የተኩሱ መስመር ካልቆመ ክፍል አይገባም። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል፣ እውነት ነው፤ ወሬው ግን ከእጁ ይብስ ነበር። ታክሲ ስንጠብቅ አጠገባችን የቆመው መኪና ድምፁ ካላማረው፣ ሹፌሩን ወርዶ እስኪሰማው ድረስ ያስረዳዋል። ሠርግ ቤት ሄደን ሙሽሮቹ ሲገቡ እሱ ውጭ ከሹፌሮች ጋር ስለ ካርቡሬተር ያወራል። አፍር ነበር። «አሰፋ፣ አሁን ይብቃህ» ማለት የዕለት ሥራዬ ነበር። ኋላ ያን ቃሌን መልሼ ልውጠው ስንት ጊዜ ተመኘሁ።

የምንኖረው ቦሌ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ነበር። ዛሬ ሩዋንዳ ምግብ ቤቱና የእንግዳ ማረፊያው ተደራርቦ መኪና ማቆሚያ የማይገኝበት ሰፈር ሆኗል፤ አንዳንድ ጊዜ ሜሮን ምሳ ልትጋብዘኝ ስትወስደኝ ግቢያችን የነበረበትን ቦታ እፈልጋለሁ፣ ግን ፎቆቹ አያሳዩኝም። ያኔ ከአጥራችን ጀርባ ሜዳ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ተኝቶበት እንቁራሪቱ ሲጮህ ያድራል። አውሮፕላን ሲያርፍ በጣሪያችን ላይ የሚሄድ ይመስላል። ሲያልፍ ሁላችንም የጀመርነውን ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ አቁመን እንጠብቃለን፣ ካለፈ በኋላ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ዘመኑ አንዱ ወጥቶ ሌላው የገባበት ነበር፤ እኔ ታይፒስት ስለነበርኩ ዘመን መለወጡን ያወቅሁት የደብዳቤው ራስጌ ሲቀየር ነው። ሴቶች ትከሻው ስፖንጅ የታጨቀበት ኮት እንለብሳለን። ወጣቱ ሰልባጅ ጂንስ ፍለጋ ይዞራል። ጥጉ ላይ ያለው ካሴት ቤት አዲስ ዘፈን በወጣ ቁጥር ድምጽ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ አንዱን ያጫውታል፤ ባንወደውም በሦስተኛው ቀን ሁላችንም ግጥሙን በቃል እናውቀዋለን። ማኪያቶ ሰባ አምስት ሳንቲም፣ ታክሲ ሃምሳ ሳንቲም። ቦሌ መንገድ በእግር የሚሻገሩት መንገድ ነበር፤ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ረጋ ብሎ።

አንድ ጠዋት አሰፋ ደጅ ቧንቧው ጋ ጢሙን ሲላጭ መላጫው ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል እሱም ወደቀ። ያኔ ስትሮክ የሚለውን ቃል የሚያውቀው ሐኪም ብቻ ነው፤ ሰፈሩ «ደም ብዛት ጣለው» ነው ያለው። አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከሆስፒታል ስናወጣው ቀኝ እጁ አይታዘዝም፣ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ሁሉንም እችለው ነበር፤ ያልቻልኩት የአንደበቱን ነገር ነው። ያ ሁሉ ወሬ ሄዶ አንድ ቃል ብቻ ቀረለት፦ «እሺ»። ራበህ? እሺ። ጠገብክ? እሺ። አመመህ? እሺ። ዓይኑን ስታየው ውስጥ ሆኖ ሁሉን ይሰማል፣ ያውቃል፤ ሊናገር አፉን ሲከፍት ግን የምትወጣው ያቺው ናት። እሱ ራሱ ሰምቶ ይናደድባታል። ሊጠይቁት የሚመጡ ባልደረቦቹ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ መምጣት ተዉ። አልፈርድባቸውም። እሺ ከሚል ሰው ጋር ስንት ደቂቃ ይወራል?

ቮልሱም በዚያው ግቢያችን ካለው የኮክ ዛፍ ሥር ሸራ ለብሶ ቆመ። ወደ ስድስት ወር ከቆየ በኋላ የአሰፋ ታላቅ ወንድም ጋሼ ግርማ «ሲቆም ይበላሻል» ብለው ሹፌራቸውን ላኩ። ሹፌሩ አስነስቶ ትንሽ እንደነዳው ከኋላ ሰማያዊ ጭስ አወጣ፣ ብረት በብረት ላይ የሚመታ ድምፅ ሰማን፣ ከዚያ ጸጥ አለ። አሰፋ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ድምፁን ሲሰማ ልክ ሰው የመታው ያህል ፊቱን አጨማደደ።

ጋሼ ግርማ ነጋዴ ናቸው። ለወንድማቸው ያላቸውን የሚሰስቱ ሰው አይደሉም። በሚቀጥለው እሁድ ኬክ ይዘው መጡና አሰፋ አጠገብ ተቀመጡ። «ስማ ወንድሜ፣ ይቺን ቮልስ እንሽጣት። ከጅቡቲ የምትገባ አራት በር መኪና አለች፣ አዲስ ናት ማለት ይቻላል። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ፤ ሹፌርም እቀጥርላችኋለሁ። ሐኪም ቤት ስትመላለስ ይመችሃል። እንሽጣት?»

«እሺ» አለ አሰፋ።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ልቤ ደስ ብሎት ነበር። የቮልሱ ጩኸት፣ ቤንዚን ቤንዚን ማለቱ፣ ዝናብ ሲዘንብ እግሬ ሥር የሚገባው ውሃ ሰልችቶኛል። አራት በር ያላት፣ ውስጧ ጸጥ ያለ መኪና ማን ይጠላል? ግን አሰፋ «እሺ» ሲል ግራ እጁ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ ነበር፤ በደንብ ጨብጦ። ዝቅ ብዬ አየሁት። ዓይኑ ሞልቷል።

«ጋሼ ግርማ፣ አይሸጥም» አልኳቸው።

«ምን ማለትሽ ነው ጽጌ? ራሱ እሺ አለ እኮ!»

«እሱ ለሁሉም እሺ ነው የሚለው።»

«እንዴ፣ የሰውየውን ቃል—»

ወደ አሰፋ ዞርኩና «አሰፋ፣ ጋሼ ግርማን ከነኬካቸው ከቤት ላስወጣቸው?» አልኩት።

«እሺ» አለ።

ጋሼ ግርማ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸው ሳይጠፋ መሐረባቸውን አወጡ። ስድስት ወር ሙሉ ወንድማቸው እየመለሰላቸው መስሏቸው ነበር። ዓይናቸውን ጠርገው «እሺ፣ ካልተሸጠ ምን ታደርጉታላችሁ? ሞተሩ እኮ ሞቷል» አሉ። እኔም ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ። «እንጠግነዋለን።» «እነማን?» «እኔና እሱ።» እጄን አዩት። ጥፍሬን ቀይ ቀለም ተቀብቼ ነበር።

ሜሮንን ትምህርት ቤት ተዘግቶ እረፍት ላይ ስለነበረች ናዝሬት እናቴ ዘንድ ላክኋት፤ ከመሥሪያ ቤት የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። ጥፍሬን ቆረጥኩ። የአሰፋን ሰማያዊ ቱታ እጅጌውን አጥፌ ለበስኩና፣ እሱን ከመኪናው በስተኋላ፣ ደጅ ባወጣሁት ወንበር ላይ በጋቢ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ክዳኑን ስከፍተው ያየሁት የቆሻሻና የሽቦ ክምር ነው፤ የትኛው ከየት እንደሚጀምር አላውቅም። አሰፋ በግራ እጁ ይጠቁማል። አንዱን ስነካ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ!» ይላል እየጮኸ፤ አታድርጊ ማለቱ ነው። ሌላውን ስነካ ቀስ ብሎ «እሺ» ይላል፤ እሱ አድርጊ ማለት ነው። በዚያ አንድ ቃል ሁለት ቀን ሠራን። በሦስተኛው ቀን አንድ ብሎን አልፈታ ብሎኝ በፒንሳ ስታገለው፣ ጥርሱን ልቀጠቅጠው ስል፣ ከኋላዬ የወንበሩ እግር ተንቋቋ፤ «ካ—ካቻቢቴ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞርኩ። አሰፋ ራሱ አፉን ይዞ ደንግጧል። «ምን አልክ?» «ካቻቢቴ» አለ ደግሞ፣ በደንብ፣ ወደ ብሎን መፍቻው እየጠቆመ። አውሮፕላን በላያችን እያለፈ ነበር፣ ግን እኔ ሌላ ምንም አልሰማሁም። መሬቱ ላይ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ከስድስት ወር በላይ የእኔን ስም፣ የልጁን ስም ያጣ ሰው ካቻቢቴ አገኘ። ቅር አላለኝም። ያን ቀን ብቻ ክሪክ፣ ፒንሳ፣ ብሎን የሚሉ ቃላት አመጣ። እኔ ሆን ብዬ የተሳሳተ ዕቃ አነሳ ጀመር፣ እንዲቆጣኝ።

ሞተሩን የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። እነሱን ፈትቼ ሞተሩን ማውረድ ግን የእኔ ጉልበት አይችለውም። ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ግርማ ተስፋ ቆርጠን እንደሆነ ሊያዩ መጡ። እግሬ ከመኪናው ሥር ወጥቶ አዩ። የሱፍ ኮታቸውን አውልቀው የኮኩ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ የመኪና ማንሻውን ክሪክና አሮጌ ጎማ አምጥተው ከሥር አስገቡ። በሕይወታቸው ሞተር ነክተው አያውቁም። «ወንድምዬው፣ አሁን ምን ላድርግ?» ይሉታል፣ አሰፋም «ክሪክ... ቀስ... ቀስ» ይላቸዋል። ሞተሩ ጎማው ላይ ሲያርፍ ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ። ጋሼ ግርማ ቅባት በነካው እጃቸው የአሰፋን ጉንጭ ያዙት፣ ጥቁር ምልክት ተውበት፤ እኔም አልጠረግሁለትም።

የተቃጠለው የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ነበር፤ ጠርዙ ዳቦ እንደተገመጠ ሆኗል። አሰፋ ሲያየው ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ ሐኪም። በጋዜጣ ጠቅልዬ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ከአንዱ የመለዋወጫ ሱቅ ወደ ሌላው ስዞር ባለሱቆቹ «ባልሽን ላኪው» ይሉኛል። «ባሌ ነው የላከኝ» እላለሁ። አንዱ ሽማግሌ ቫልቩን አገላብጠው አይተው «ልጄ፣ በዚህ ድካም አዲስ መኪና ብትገዙ አይሻልም?» አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? «ይሻላል» አልኳቸውና አዲሱን ቫልቭና ፋሻ የሚሉትን የፒስተን ቀለበት ገዝቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የክረምቱ ሦስት ሳምንት በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ጊዜያት ሁሉ ሰላም የነበረው ነው ብል ማን ያምነኛል? ዝናቡ በረንዳው ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። እኔ እያንዳንዱን ዕቃ በነጭ ጋዝ አጥባለሁ፣ እሱ በግራ እጁ በጨርቅ ያደርቃል፣ በጋዜጣ ላይ በተራ ይደረድራል። አዲሱ ቫልቭ መቀመጫው ላይ እንዲገጥም የሚፍቅ ቅባት ተቀብቶ መታሸት አለበት፤ ቫልቩ የተያዘበትን እንጨት በመዳፎቼ መሃል ሳሽከረክር እውላለሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ ያያል። «ገና» ይላል። አሻለሁ። «ገና።» ያቺ «ገና» አዲስ ቃል ነበረች። በየቀኑ አንድ ሁለት ይጨመራል። ከሞተሩ የተነሱት ቃላት ቀስ ብለው ወደ ቤት ገቡ፤ «ውሃ» መጣ፣ «ብርድ» መጣ፣ ሜሮንን የሚያቆላምጥበት «ሜሪ» መጣ። አንድ ቀን ማጠቢያውን ስደፋ ከኋላዬ «ጽጌ» አለ፣ እንዲሁ፣ ምንም ሊያዘኝ ሳይሆን። ወዬ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ዞሬ ባየው ኖሮ የምሆነውን አላውቅም።

ሞተሩን መልሰን የገጠምን ዕለት ጋሼ ግርማም ነበሩ። ቁልፉን ሳዞረው ጧ! የሚል የጥይት ዓይነት ድምፅ ከጭስ ማውጫው ወጣ፤ የሰፈር ውሻ ሁሉ ጮኸ፣ አከራያችን ነጠላቸውን ሳይዙ ሮጠው ወጡ። አሰፋ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው፤ ከወንበሩ እስኪንሸራተት ሳቀ። የካንዴላዎቹን ገመድ ተራ አሳስቼ ኖሯል። ግራ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን እያጠፈ «አንድ... አራት... ሦስት... ሁለት» አለኝ። የቮልስ ሞተር እሳት የሚያገኘው በዚያ ተራ ነው። ገመዶቹን አዛወርኩ። ሁለተኛ ሳዞረው ተነሳ። ጭስ የለውም፤ ያ የምጠላው ጩኸቱ ብቻ፣ ጥርት ብሎ።

ጋሼ ግርማ በደስታ ክዳኑን መታ መታ አደረጉና «በሉ እንግዲህ፣ አሁንማ ደህና ዋጋ ያወጣል! አሰፋ፣ እንሽጣት?» አሉ። ከልባቸው ይሁን ለቀልድ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሰፋ ቀና ብሎ አያቸው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ እኔም ልናገርለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። «አይ... ሸጥም» አለ። ጋሼ ግርማ ኮታቸውን ከዛፉ አንስተው ለበሱ፣ ዝናቡ እየጀመረ ነበር፣ «ይኸው ነው እኔ የፈለግሁት፤ እንዲህ በለኝ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ስንሄድ «እስቲ ቁጠርልኝ» አለው። አሰፋ ኮራ ብሎ «አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት» አለ። ሐኪሙ አዝኖ ወረቀቱ ላይ ሊጽፍ ሲል «ዶክተር፣ ልክ ነው፤ የሞተር ነው» አልኩት። ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

መንዳትም ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ገርጂ ሜዳ ላይ፣ ዛሬ ፎቅ በፎቅ በሆነው። ሐኪም ቤትም፣ የሰው ቤትም በቮልሱ ወሰድኩት። ቃላቱ ሁሉ አልተመለሱም፤ እጁም እግሩም እንደዚያው ቀሩ። ግን ከዚያ ክረምት በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ኖረ።

ሜሮን ከአዳራሹ ስንወጣ «እማዬ፣ አንቺ ሞተር ያወረድሽ ሴት ነሽ፤ ምን ትመክሪኛለሽ? ላሳድሰው ወይስ አዲሱን ልግዛ?» አለችኝ። አሳድሺው እንድላት የጠበቀች ይመስለኛል። «አዲሱን ግዢ» አልኳት። ደነገጠች። ሥራ ውላ ማታ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ስትቆም፣ ልጆቿ ሳያዩዋት ሲተኙ አያለሁ። እኛ ያን ክረምት ብረቱን ብለን አልነበረም የደከምነው። አሁን የሷ ቤት ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው፣ ሁሉም ይናገራል፣ እንዲያውም ይጮኻል። በነጋታው ሄዳ ተዋዋለች። ትላንት በአዲሱ መኪና ቦሌ ድረስ ወስዳኝ ነበር፤ ድምፅ የለውም፣ ተመቸኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቮልሱንም ቢሆን ሸጠነዋል። ከዚያ ክረምት ስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ አሰፋ ራሱ አንድ ቀን ቁርስ ላይ «ጽጌ፣ ይሸጥ። አንቺ... ደከመሽ» አለኝ። የገዛው አዲስ ያገባ ወጣት መምህር ነበር። ቁልፉን ልሰጠው ስወጣ አሰፋ ከዘራውን ይዞ ወጣቱን ከኋላው ክዳን ጋ አቁሞታል። ስለ ሞተሩ እያስረዳው ነው። አንዷ ዓረፍተ ነገር ከአፉ እስክትወጣ ሌላ ሰው ሁለት ሦስት ይጨርሳል፤ ይቆማል፣ ቃሉን ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ በሌላ ይዞራል። ወጣቱ አልቸኮለም፣ ቃሉን ቀድሞ አልጨረሰለትም፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ይሰማል፣ ይጠይቃል። የሰዎችን ወሬ ለአሰፋ፣ የአሰፋን ለሰዎች ሳስተረጉም ስንት ዓመቴ፤ ያን ዕለት ግን በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ሰዓት ያህል ሆነ። ወጣቱ አመስግኖ፣ አስነስቶ፣ ከግቢ ወጣ። አሰፋ እግሩን እየጎተተ መጥቶ በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ላቡን ጠረገና ትንፋሽ ሰበሰበ።

«ብዙ አወራሁ» አለኝ። «ደከመኝ።»